ከመጽሐፉ መሃል የወደቀችው ቲኬት

ልጅቷ ክረምቱን አክስቷ በምትሠራበት የሙዚየም ቤተ መጻሕፍት የድሮ መጻሕፍት አቧራ እንድታራግፍ ሲፈቀድላት ደስታዋ ጣራ ነካ። አክስቷ ግን ገና በሩ ላይ፣ «አንድ ነገር ብታበላሺ ዛሬውኑ ወደ ቤትሽ!» ብላታለች።

ታዲያ አንዱን ወፍራም መጽሐፍ በለስላሳ ብሩሽ ስታጸዳ፣ ከመሃሉ ቢጫ የወረቀት ብጣሽ ዱብ አለች። የድሮ የአውቶቡስ ቲኬት ናት። ቆሻሻ መስላት ቅርጫት ውስጥ ጣለቻት።

«አክስቴዋ፣ እዪልኝ እንዴት እንዳጸዳሁት! ቲኬት ሁሉ አውጥቼ ጣልኩ!»

አክስቷ ክው አለች። «አንቺ ጉድ! መጽሐፉ እኮ ሌላም ቦታ አይጠፋም፤ እንዲህ ያለችውን ቲኬት ግን ሰው ሁሉ እየወረወረ ጨርሷታል። ደግሞስ የትኛው ገጽ ላይ ነበረች?»

ልጅቷ ቅርጫቱን ገልብጣ ቲኬቷን አገኘቻት። ገጹን ግን ከየት ታምጣው? ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ገለጠች።

«ኧረ እልል በይ አክስቴ! ጥላዋ እዚህ አለ!»

ገጹ ላይ የቲኬቷን ቅርጽ የያዘ ቡናማ ምልክት ቀርቷል። ብታስቀምጣት ልክክ!

ገጹ በማዕበል ስለተያዘች መርከብ ያወራል። «ወይኔ! ቲኬቷን የሸጎጣት ሰውዬ አውቶቡስ ውስጥ እያነበበ እዚህ ጋ ሲደርስ መውረጃው ደርሶበት ይሆናላ! መርከቧ ትስጠም ትትረፍ ሳያውቅ ወረደ!»

አክስቷ ሳቋን አፍና እርሳስ አቀበለቻት። «የገጹን ቁጥር ጻፊ። ነገም ሳታሳዪኝ የምትጥዪው ነገር ካለ፣ ተከትለሽው ነው ቅርጫት የምትገቢው!»

ልጅቷ ከዚህ ሁሉ የሰማችው «ነገም» የምትለዋን ብቻ ነው።