የሞተው ሰውዬ ጫማ ሲገዛ

ሰው ግጥም እወዳለሁ ሲለኝ ወዲያው አላምነውም። አብዛኛው ሰው የሚወደው ፖስትካርድ ላይ የታተመውን፣ ከአበባ ጋር የሚሰጠውን፣ ተነቦ ሲያልቅ ምንም የማይጠይቀውን ነው። ያንኑ ግጥም ከፖስትካርዱ አውጥታችሁ መሀል መንገድ ላይ ብታቆሙበት ፊቱን አዙሮ ይሄዳል። ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። አጎቴ ፊልም ቤት ማይክ ይዤ ስሠራ ነው።

ሥራዬ እንዲህ ነው። አጎቴ የሚያሳያቸው ፊልሞች ከሩቅ አገር የሚመጡ ናቸው። የእኛን ቋንቋ አይናገሩም፤ ከግርጌያቸውም ትርጉም አልተጻፈባቸውም። ስለዚህ ከፕሮጀክተሩ አጠገብ፣ መደገፊያው በተሰበረ ወንበር ላይ አንድ ሰው ይቀመጥና ፊልሙ እየሄደ በማይክ ይተርካል፤ ባልም ሚስትም፣ ሌባም ፖሊስም እየሆነ። ያ ሰው እኔ ነኝ። ሥነ ጽሑፍ ተምሬ ተመርቄያለሁ። እናቴ ለጎረቤት ስታወራ "ለጊዜው አጎቷን እያገዘች ነው" ትላለች፤ "ለጊዜው" የምትለዋን ቃል ረገጥ አድርጋ።

ካስተማሩኝ ሰዎች አንዱ አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቶኝ "እናንተ እኮ ፊልም ገዳዮች ናችሁ፤ ሰው በሠራው ላይ አፋችሁን ትከፍታላችሁ" አለኝ። እሺ፣ አልኩት፣ ታዲያ አንተ ያንን ፊልም ለጎረቤቴ ለፀጉር አስተካካዩ በምን ቋንቋ ልታሳየው አስበሃል? ሰዓቱን አየና ስብሰባ አለብኝ ብሎ ሄደ። ጥበብን ከሰው እንከላከላለን የሚሉ ሰዎች ሁልጊዜ ስብሰባ አለባቸው።

የእኔ ችግር ግን ከተማሩት ጋር ብቻ አልነበረም። ፊልም ውስጥ ማንም የማይናገርበት ቦታ አለ። ሴትዮዋ መስኮት ስር ትቀመጣለች፤ ዝናብ ይዘንባል፤ አንድ ሰው ደረጃ ሲወጣ ብቻውን ይታያል። ሌሎች ተራኪዎች እዚያ ላይ ውሃ ይጠጣሉ። እኔ አልጠጣም። ቤት ቁጭ ብዬ የጻፍኩትን፣ ወይም እዚያው የመጣልኝን እናገራለሁ። አንድ ጊዜ እንዲህ አልኩ፦

ዝናቡ መስኮቱን ያንኳኳል፤
ቤት መሆኑን ያውቃል፤
ማን እንደሌለ ግን አልነገሩትም።

ከፊት አግዳሚ ላይ የሚቀመጠው ፀጉር አስተካካይ ዞር አለ።

"ስንኝ፣ ዝናቡ ነው እንዲህ ያለው?"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ "ስንኝ" ሆኖ ቀረ። ዝናብ በመጣ ቁጥር ደግሞ አንዱ ከኋላ "ዛሬስ ምን አለ?" ይላል።

"እኔ የምመጣው ሰው ሲደባደብ ለማየት ነው" አለኝ ፀጉር አስተካካዩ አንድ ቀን በር ላይ። "ትካዜ ካማረኝ ቤቴ ምን አለኝ?"

"ቤትህ ያለውን ትካዜ ማን ተርኮልህ ያውቃል?" አልኩት።

"አንቺ ደግሞ ምላስሽ። ፀጉርሽን ልትሠሪ ስትመጪ እንገናኛለን።"

አጎቴ ግን አልሳቀም። ፊልም ቤቱ የራሱ ቢሆንም ድፍረቱ የተመልካቹ ነው፤ ሰው ሲስቅበት ቤቱ የሚዘጋ ይመስለዋል። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ወንበር እየደረደርን ሳለ ጉሮሮውን ጠረገ። ጉሮሮውን ከጠረገ መጥፎ ነገር አለ ማለት ነው።

"አንቺ ልጅ፣ ጎርናናውን አናግሬዋለሁ።"

ጎርናናውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አውቶቡስ ተራ ላይ የሚነሱትን መኪኖች በድምፅ ማጉያ ይጠራ የነበረ ሰው ነው። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። አንዲት እናት ለልጇ የምትዘፍነውን እሹሩሩ ቢተረጉም ሕፃኑ ሻንጣውን ይዞ ወደ በሩ ይሮጣል።

"ጋሼ፣ እሱ ሰው ሳይሆን መኪና ነው የሚጠራው" አልኩ።

"ፊልሙ ላይ አፍ ሲከፈት ይናገራል፤ አፍ ሲዘጋ ዝም ይላል። እኔ የምፈልገው ይኸው ነው። እዚህ የሚመጣው ሰው ከፍሎ ነው የሚገባው፣ የእህቴ ልጅ። ያንቺን ግጥም አልከፈለበትም።"

"በነፃ ነው የምሰጠው።"

"ለዚህ ነዋ የማይፈልገው" አለና ወንበሩን አነሳ። "ዛሬ ጎርናናው መጥቶ ያይሻል። አፍ ሲከፈት ብቻ ትናገሪያለሽ። ዛሬ ሰው ከጮኸብሽ ማይኩን ለእሱ ታስረክቢያለሽ። እኔም ደክሞኛል።"

ብዙ ልመልስለት ፈልጌ ነበር። ለእሱ ማይክ ብረት ነው፤ ለእኔ ግን በዚህ ከተማ ውስጥ የራሴን ቃል ለሌላ ሰው ጆሮ የማደርስበት ብቸኛው ነገር ነው። የፊልም ጽሑፎቼን የላክሁላቸው መሥሪያ ቤቶች አልመለሱልኝም፤ ግጥሞቼን ያነበበ አንድ አዘጋጅ "ፈገግታ ጨምሪባቸው" ብሎኛል። ማይኩ ከሄደ የሚቀረኝ ግጥሞቼ የተቆለፉበት መሳቢያ ነው። ይህን ሁሉ ለማለት አፌን ስከፍት እንባዬ ስለቀደመኝ ተውኩት። ስናደድ ነው የማለቅሰው፤ ሰው ደግሞ ያዘንኩ ይመስለዋል። ያ ራሱ ያናድደኛል።

ፊልሙ የደረሰን ማሳያው ሰዓት ሲቃረብ ነው። እንደ ልማዴ አስቀድሜ ላየው አልቻልኩም። ቋንቋውም ጨርሶ የማላውቀው ሆኖ ተገኘ። ይህ አያስደነግጠኝም፤ ፊትና እጅ ካየሁ ይበቃኛል። ሁለት ዲስክ ነበር። አጎቴ በዲስክ ላይ ያለውን የባዕድ ፊደል ስለማያነብ የራሱ ዘዴ አለው፦ ከዲስኩ ጋር የመጣውን ልጅ ጠይቆ የመጀመሪያው ላይ በማርከር አንድ ነጥብ፣ ሁለተኛው ላይ ሁለት ነጥብ ያደርጋል። ከዚያ ፊልሙ እንዳይቆራረጥ በአልኮል ጥርግ ያደርጋቸዋል። በዚህ ዘዴው ይኮራል።

ጎርናናው ከፀጉር አስተካካዩ አጠገብ፣ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ። መብራት ጠፋ።

ፊልሙ ያለ ርዕስ ጀመረ። አልጋ ላይ የተኛ፣ ቀጭን ጺም ያለው ሰው ያስላል። ሚስቱ ትራሱን ታስተካክላለች። ማን ናቸው? ምን ሆነ? ምንም አልተነገረንም። እኔ ግን ደስ አለኝ። ከነገሩ መሀል መጀመር የሚወዱ ዳይሬክተሮች እንዳሉ ተምሬያለሁ፤ "ይሄ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው" አልኩ በልቤ። ትምህርት ባይኖረኝ ኖሮ ወዲያው እጠረጥር ነበር።

የታዘዝኩትን ፈጸምኩ። አፍ ሲከፈት ተናገርኩ፣ ሲዘጋ ዝም አልኩ። ሰውዬው ሞተ። ሚስቱ ቡናማ ጫማውን በር ጥግ አስቀመጠችው። እህቷ ልታነሳው ስትል እጇን ያዘቻት። "ተይው" አልኩ በማይኩ፤ ሌላ ምንም። በመጨረሻ ሴትዮዋ ጫማውን ይዛ ወጣች፤ ለአንድ በባዶ እግሩ ለሚሄድ መንገደኛ ሰጠችውና ሲሄድበት ከኋላው ቆማ አየች። አንድም ቃል የለም። ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ።

ከዚያ ፊደል ከታች ወደ ላይ ይወጣ ጀመር።

"አለቀ?" አለ አንዱ።

"ምን አለቀ፣ ገና አሁን ተቀመጥን!"

"አጭበርባሪ!"

አጎቴ በጨለማው ውስጥ ሲደናበር ሰማሁት። "ሁለተኛው አለ፣ ሁለተኛው አለ" እያለ ዲስኩን ቀየረ። መጀመሪያ የሙዚቃ ድምፅ መጣ፤ ከዚያ ትልቅ ርዕስ፤ ከዚያ የጫማ መደብር። በሩ ተከፈተና ቀጭን ጺም ያለው ሰው ከነሕይወቱ፣ ከነሳቁ ገባ። ሚስቱ ክንዱን ይዛዋለች። ከመደርደሪያው ላይ ቡናማ ጫማ አነሳ።

ከዚያ ፀጉር አስተካካዩ "ይሄ ሰውዬ ሞቷል እኮ" አለ።

አጎቴን አየሁት። በፕሮጀክተሩ ብርሃን ቀድሞ ያሳየውን ዲስክ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ይዟል። አንድ ነጥብ። አሁን በመሣሪያው ውስጥ ያለውንም ሲከተው አይቼዋለሁ፤ አንድ ነጥብ። አልኮሉ ከሁለቱ ነጥቦች አንዷን ጠርጎ ወስዷታል። የፊልሙን መጨረሻ አስቀድመን አሳይተናል።

ከኋላ ፉጨት ጀመረ። ጎርናናው ዞሮ አየኝ፤ እጁን ከብብቱ አወጣ። አጎቴ በጆሮዬ "ተሳስተናል በያቸው፣ ይቅርታ በያቸው" አለኝ። ይቅርታ ብል ምን እንደሚከተል አውቃለሁ፤ ጩኸቱ ይመጣል፣ ከጩኸቱ በኋላ ማይኩ ይሄዳል። ስክሪኑ ላይ ሴትዮዋ ተንበርክካ የባሏን ጫማ በአውራ ጣቷ ጫን እያደረገች ትለካለች። አፏ ተዘግቷል። ጣቷን አየሁት። ንዴቴ የት እንደሄደ አላውቅም።

"ሞቷል" አልኩ በማይኩ። "አዎ፣ ሞቷል። አሁን የምታዩት እሷ የምታስታውሰውን ነው።"

ፉጨቱ አልቆመም፤ ግን ቀጠነ።

"ጫማውን ለመንገደኛው ሰጥታ ቤቷ ገባች። በር ጥጉ ባዶ ነው። እዚያ ቆማ የመጣላት ይህ ነው፤ የገዙበት ቀን። 'ይጠብብሃል' ብላው ነበር። 'ይሰፋል፣ ብዙ እሄድበታለሁ' ብሏት ነበር።"

ቀጭን ጺሙ ሰው ጫማውን አድርጎ በመደብሩ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ተራመደ። አንዲት ሴት ከመሀል ወንበር "ውይ" አለች፤ ቀስ ብላ።

ከዚያ በኋላ አፍ ተከፈተ አልተከፈተ ብዬ አልጠበቅሁም። ሰውዬው ሻይ ሲቀዳና ሲያፈስ፣ ሚስቱ ስትሰድበው፣ ስለ አምፖል ሲጨቃጨቁ፣ ሁሉም ተራ ነገር ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ፀጉር አስተካካዩ "ድብድቡ የታለ?" ይል ነበር። ዛሬ ግን እንደሚሞት ያውቃል። ስለዚህ ስለ አምፖል ሲጨቃጨቁ አንገቱን አስግጎ ያያል። እኔም የምለው በዛብኝ፤ ቤት ጽፌ ያስቀመጥኳቸው ስንኞች አንድም አልሆኑልኝም፤ ጌጣቸው በዝቶ አገኘኋቸው። አጫጭር ነገር ብቻ ተናገርኩ፦

አምፖሉ ዛሬም ይበራል፤
ያን ቀን አሸንፌው ነበር፤
ምነው ተሸንፌ በሆነ።

ማንም አልሳቀም።

ወደ መጨረሻው ዝናብ መጣ። ቀጭን ጺሙ ሰው ኮቱን ለብሶ በሩን ከፈተ። ጃንጥላው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። በሞት አልጋው ላይ የነበረውን ሳል ሁላችንም ሰምተነዋል።

"ጃንጥላውን ያዝ እንጂ" አለ ፀጉር አስተካካዩ። ለቀልድ አልነበረም።

ሰውዬው በሩ ላይ ሆኖ ዞር አለ። ፈገግ ብሎ ወደ ማድ ቤቱ አንድ ነገር ተናገረ፤ ከንፈሩ በደንብ ይታያል። አፍ ተከፍቷል። እኔ ዝም አልኩ። በሩ ተዘጋና ዲስኩ አለቀ፤ ስክሪኑ ባዶ ሰማያዊ ሆነ።

"ምን አለ?" አለ ፀጉር አስተካካዩ። "ስንኝ፣ ምን አለ?"

"አልሰማችውም" አልኩ። "ማድ ቤት ቧንቧ ከፍታ ነበር።"

መብራት ሲበራ ሰው ወዲያው አልወጣም። አጎቴ ግድግዳ ተደግፎ የሚመጣበትን ዱላ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ቀድሞ የተነሳው ጎርናናው ነው። በዚያ ድምፁ፣ ያለ ማይክ፣ ቤቱን ሞላው።

"ወገኖቼ፣ እንዳትሸወዱ። ዲስኩ ተገላብጦባቸው ነው። ትዝታ የለም፣ ምን የለም። ልጅቷ ከራሷ ፈጥራ ነው ስታወራ የቆየችው።"

ይህ እውነት ነው። አንድም ስህተት የለውም። ልመልስለት ማይኩን አነሳሁ፤ ፀጉር አስተካካዩ ቀደመኝ።

"ታዲያ?" አለው።

"ምን ታዲያ? ፊልሙ እንዲህ አይደለማ።"

"እንዲህ አይደለም?" ፀጉር አስተካካዩ አሰበና ኮፍያውን አደረገ። "እንግዲያው ነገም ይገልብጡት። ሚስቴን ይዤ እመጣለሁ።" ወደ በሩ ሄዶ ደግሞ ተመለሰ። "ስንኝ፣ ግን እውነት ምን ብሎ ነው?"

"ቋንቋውን አላውቀውም።"

"እኔ የመሰለኝን ልንገርሽ?"

"አትንገረኝ። ለሚስትህ ንገራት።"

ሳቀና ወጣ። ጎርናናው ደግሞ ትንሽ ቆሞ "ድምፅሽ ያንሳል" ብሎኝ ሄደ። ምናልባት ልክ ነው።

ከአጎቴ ጋር ወንበር ሰበሰብን። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ስለ ጎርናናው አላነሳም። ስለ አፍ መክፈትና መዝጋትም አላነሳም። በመጨረሻ ሁለቱን ዲስኮች ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ማርከሩን ከኪሱ አወጣና ክዳኑን ነቀለ። እጁ አየር ላይ ቀረ።

"የትኛው ላይ ነው አንድ የማደርገው?"

"ጋሼ፣ ነገ እንደ ዛሬ ይሁን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን የራሴን አመጣለሁ።"

"የምን የራስሽን?"

"ፊልም። በስልክ እንቀርጸዋለን። ከሁለት ሰው በላይ አይፈልግም። አንድ ቤት፣ አንድ አምፖል፣ ጭቅጭቅ።"

"ድብድብ አለው?"

"የለውም።"

አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ጠበቅሁ።

"የሚቀጥለው ቅዳሜ ይፈጥናል" አለ። "ከዚያ የሚቀጥለው ይሁን። አምፖል የምትፈልጊ ከሆነ ጓዳ ውስጥ አለ፤ ግን ብልጭ ድርግም ይላል።"

"እሱኑ ነው የምፈልገው" አልኩና ማርከሩን ከእጁ ወስጄ፣ ሴትዮዋ ጫማውን የምትሰጥበት ዲስክ ላይ ያለችውን ነጥብ አደመቅኳት። ሌላው ላይ ሁለተኛ ነጥብ ጨመርኩ፤ አልኮሉ እንዳይወስዳት ትልቅ አድርጌ።