ዲፕ ፍሪዝ የገባው ቁርጥ

"መምህር፣ ሰርተፍኬት ብረት አይበይድም" አለ ጠሃ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ። "ልጆችህ ኤሌክትሮድ ስታስይዛቸው እንደ እስክሪብቶ ነው የሚይዙት።"

"እስክሪብቶ ያስያዝናቸውማ እኛ ነን። ኤሌክትሮዱን ደግሞ አንተ አስይዛቸው" አለ ታምራት።

ታምራት በሶዶ ከተማ ካሉት የሙያ ኮሌጆች በአንዱ ሠልጣኞችን በየድርጅቱ ለአፓረንት፣ ማለትም ለሥራ ላይ ልምምድ፣ የሚመድብ መምህር ነው። አፓረንት ያልወጣ ሠልጣኝ አይመረቅም። ስለዚህ ታምራት ዓመቱን ሙሉ ከበር በር ሲለምን ይውላል። ለሁለት የብረታ ብረት ሠልጣኞች ጠሃን እያግባባ ሳለ ስልኩ ጮኸ።

"መጥተህ ልጅህን ውሰድ!" የሆቴል ባለቤቷ ዓመለወርቅ ነበረች። "አራቱንም ውሰዳቸው! ያቺ ሚስጥር የምትባለው ሠልጣኝህ ቁርጡን ዲፕ ፍሪዝ ከተተችልኝ!"

ድምጿ ከስልኩ አልፎ ጠሃ ጆሮም ደርሶ ነበር። "ቁርጥን?" አለ፣ መርዶ እንደሰማ ሰው ደረቱን ይዞ። "መምህር፣ በል ሂድ። የኔን ሌላ ቀን እናወራለን።"

ታምራት ባጃጅ ውስጥ ዘሎ ገባ። የሶዶ አሠሪ ሁሉ ስለ ሠልጣኝ የየራሱ እምነት አለው። ኮንትራክተሩ ሠልጣኝ ይወዳል፤ ሲሚንቶ በነጻ ያሸክማቸዋልና። ጋራዦቹ ዕቃ አጥበው ከሩቅ እንዲያዩ ይፈቅዳሉ። ጠሃ ደግሞ ከስልጤ አምጥቶ ራሱ ካሳደገው ዘመዱ በቀር ማንንም አያምንም። ዓመለወርቅ ግን ሽንኩርት ብታስልጥም፣ ሳህን ብታሳጥብም፣ አራት ልጆች በአንዴ የተቀበለች እሷ ብቻ ናት። እሷ በሯን ከዘጋች ወሬው ከምሳ በፊት ከተማውን ያዳርሳል፤ ሌላም ሆቴል አይከፍትላቸውም። አራቱ ልጆች ዘንድሮ አይመረቁም ማለት ነው። የሚስጥር አባት ደግሞ ለምረቃዋ ብለው አገራቸው ዲምቱ ላይ በግ እያደለቡ ነው። ታምራት ይህን እያሰበ ሾፌሩን ቶሎ ቶሎ በል አለው።

ሆቴሉ ሲደርስ ዓመለወርቅ ጓዳ ውስጥ ከተቆለፈው ዲፕ ፍሪዝ ፊት ትንጎራደዳለች።

"ከቤሌ ሽማግሌዎች እየመጡ ነው! በመሬት የተጣሉ ሁለት ቤተሰቦች ዛሬ እዚህ ይታረቃሉ። ሽንጥና ሻኛ አዘው፣ በረዶ ላቅርብላቸው? ዕርቁ ቢፈርስ በኔ ነው!"

"ቁልፉ የት አለ?"

"እሷ ኪስ ውስጥ! ለዳጣ የሚሆን ቃሪያ ልግዛ ብላ ገበያ ወጣች። እኔ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሥጋ የለ፣ ልጅ የለ፣ ቁልፍ የለ። ዲፕ ፍሪዝ እንደከተተችው የነገሩኝ ሌሎቹ ልጆች ናቸው።"

ንብረት የተረከበ ሰው ቁልፉን ከራሱ አይለይም ብሎ ያስተማረው ኮሌጁ ነው።

ሚስጥር ቃሪያውን በፌስታል አንጠልጥላ ስትገባ ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። ዓመለወርቅ ዲፕ ፍሪዙን ስትጠቁማት ፊቷ ደነገጠ።

"ሥጋ አመላላሹ ዳልጮ ከቄራ አምጥቶ ሲሰቅለው ዝንብ ነበር። እንዳይበላሽ ብዬ ነው እትዬ። የኮሌጁ ሞጁል ሥጋ በቅዝቃዜ ይቀመጥ ይላል።"

"ክፈቺ!"

ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ከፈተች። ዓመለወርቅ እጇን ሰደደች። ሥጋውን ጫን አደረገችው፤ ገለበጠችው፤ እንደገና ጫን አደረገችው። ሥጋው ለስላሳ ነው። ሞተሩ ድምፅ የለውም። ጎንበስ ብላ ስታይ ሶኬቱ ተነቅሏል።

"ተመስገን! ተመስገን አምላኬ!" ብላ ሚስጥርን አንገቷን አቀፈቻት። "ሶኬቱን ነቅለሽ ከዝንብ ብቻ ደብቀሽው ነዋ! አንቺ ብልጥ! መምህር፣ እንዲህ አድርጋችሁ ነው የምታስተምሩት?"

የታምራት ራስ ሳያዘው መነቅነቅ ጀመረ። አዎ ማለት እንዴት ቀላል ነበር!

"አይደለም እትዬ" አለች ሚስጥር። "እኔ አልነቀልኩትም። እንዲቀዘቅዝ ብዬ ነው የዘጋሁት።"

ታምራት ዓይኑን ጨፈነ። እውነት ለመናገርም ጊዜ አለው፤ ትንሽ ብትቆይ ምን ነበረበት?

ከበሩ ጀርባ አስተናጋጁ ጩማ ጉሮሮውን ጠረገ። ዓመለወርቅ ሆቴሉን ስትከፍት ጀምሮ አብሯት የኖረ ጎልማሳ ነው። "እኔ ነኝ የነቀልኩት። ሞባይሌ ባትሪ ጨርሶ፣ ጠዋት የራሴን ቻርጀር ሰካሁ። አሁን እናንተ ስትጮሁ ፈራሁ።"

ዓመለወርቅ ሁለቱን አፈራርቃ አየቻቸው። ከዚያ የቢራ ሳጥን ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "የተማረችው አጠፋች፣ ያልተማረውም አጠፋ፣ እኔ ተረፍኩ!"

ሳቋን ስትጨርስ ግን ሚስጥርን ጠጋ አለቻት። "ታዲያ አንቺ የዲምቱ ልጅ አይደለሽ? ለመስቀል ቤታችሁ ሥጋው ተሰቅሎ ሲውል አላየሽም?"

"አይቻለሁ። እሱ የቤት ነው። የሆቴል ሥራ ሌላ መስሎኝ ቤት የማውቀውን ተውኩት።"

ይቺ ንግግር ታምራት ልብ ውስጥ ገባች። ሞጁሉን ያውቀዋል፤ ሳንዱች አለው፣ ሾርባ አለው፣ ቁርጥ የሚል ቃል ግን የለበትም።

"እኔስ ብሆን" አለች ዓመለወርቅ ለራሷ የምታወራ ይመስል "ሽንኩርት አስላጥኳት እንጂ መቼ አሳየኋት?"

ሽማግሌዎቹ ደረሱ። ሥጋው ወጥቶ ተሰቀለ። ዓመለወርቅ ሚስጥርን አጠገቧ አቁማ ቢላውን እንዴት እንደምታስኬድ እያሳየች ሽንጡን አወረደች። ከአዳራሹ የሽማግሌዎቹ ሳቅ ተሰማ። ልጆቹን ስለመውሰድ ከዚያ ወዲያ ያነሳ የለም።

ሊሄድ ተነስቶ ግን በሩ ላይ ቆመ።

"እትዬ፣ ማክሰኞ ኮሌጅ መጥተው ልጆቹን ያስተምሩልን።"

"እኔ? ምን ልበላቸው?"

"አሁን ለሚስጥር ያሏትን።"

ዓመለወርቅ እጇን በሽርጧ እየጠረገች አሰበች። "እመጣለሁ። ሽንጡን ግን ኮሌጁ ይግዛ። በሌለ ሥጋ አላስተምርም።"

ታምራት የኮሌጁን ዲን ያውቀዋል። ሽንጥ በየትኛው የበጀት ርዕስ ነው የሚገዛው ብሎ እንደሚያፈጥበት፣ ሳምንት ሙሉ እንደሚያመላልሰው ያውቃል።

"ይገዛል" አለና ሐሳቡን ሳይቀይር እጁን ዘረጋላት።