የወልደ ሚካኤልን ቤት የገዛን ጊዜ

እኔ አብዶ ቱሳ ደስ ሲለኝ እግሬ መሬት አይነካም፤ ስናደድም እንደዚያው ነው። ሚስቴ ጠይባ «አንተንና ወተትን እሳት ላይ ጥዶ ዞር ማለት አይቻልም» ትለኛለች። በሺህ ዘጠኝ መቶ ኀምሳ ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ላይ፣ ወልደ ሚካኤል ቤቱን ሊሸጥ ነው ሲባል ሰማሁ። የምሰፋውን ኮት እጅጌ እንደተንጠለጠለ ትቼ በሩጫ ሄድኩ።

ደስታዬን የሚረዳልኝ በኪራይ ቤት የተንከራተተ ሰው ብቻ ነው። አሰላ ውስጥ በስምንት ዓመት አምስት ጊዜ ልቀቁ ተብለናል። አንዱ አከራይ ልጁን ሊድርበት፣ አንዱ በጎቹን ሊያስገባበት፣ አንዷ ደግሞ የልብስ ስፌት መኪናዬ ድምፅ ራሴን አዞረኝ ብላ። አምስተኛው፣ ያኔ የነበርንበት ቤት ባለቤት፣ እስከ ገና ድረስ ውጡልኝ ብሎን ነበር።

የወልደ ሚካኤል ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ በረንዳው ወደ ገበያው መንገድ የሚያይ። በጓሮ በር ብቅ ስትል የጭላሎ ተራራ ፊትህ ላይ ነው። በረንዳው ላይ ቆሜ የስፌት መኪናዬን የማስቀምጥበትን ቦታ መረጥኩ፤ ገበያተኛው ቀና ብሎ ሲያየኝ ታየኝ። ወልደ ሚካኤል በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ሱሪውን የምሰፋለት እኩያዬ ስለሆነ አንተ እንባባላለን። ወደ ናዝሬት ሊዛወር መሆኑን ነገረኝ። እኔ ደግሞ እዚያው እንደቆምኩ ቀብድ ሰጠሁት። ወረቀት የለ፣ ምስክር የለ፣ ተጨባበጥን አለቀ።

«ግን እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ውሉን ካልጨረስክ ለሌላ እሸጠዋለሁ» አለኝ። «ቀብድህም ይቀራል።»

እየበረርኩ ቤት ገብቼ ለጠይባ ነገርኳት። ቅቤ እያነጠረች ነበር፤ ማንኪያውን እንኳ አላስቀመጠችም።

«ሳሩን አይተሃል» አለችኝ። «ገደሉን የሚያይልን ሰው እንፈልግ።»

ነገረ ፈጅ ማለቷ ነው። በዚህ እንኳ ተስማማን፤ ምክንያቱም ማን እንደሚሆን እኔ ወስኜ ጨርሻለሁ። ያን ጊዜ እኛ አገር ነገረ ፈጅ የሚመረጠው በአንደበቱ ነው። እኔ ደግሞ ሥራ ሲቀዘቅዝ ፍርድ ቤት ግቢ ሄጄ ሙግት የምሰማ ሰው ነኝ፤ ማን ማንን በምን ቃል እንደረታ እስከ ዛሬ በቃሌ አለ። ከሁሉ በላይ አቶ ኃይለየሱስ ነበሩ። ካባቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው «ጌታዬ!» ሲሉ ዳኛው ራሱ ይቃናል። እሳቸው የያዙት ሰው ሲሸነፍ አይቼ አላውቅም።

ጠይባን ይዤ ሄድኩ። ነገሩን ሳልጨርስ በትራቸውን መሬት ላይ መቱ።

«ወንድ ከሆነ ይካድ! ሰባት ዓመት ቢፈጅ ይግባኝ በይግባኝ አድርጌ ቤቱን አስረክብሃለሁ!»

ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም።

«ሰባቱን ዓመትስ የት እናድራለን?» አለች ጠይባ።

አቶ ኃይለየሱስ ሳቁ። እኔ ግን አፈርኩባት፤ እስከ ቤታችን ድረስ ሳላናግራት ሄድኩ። እሷም አላባበለችኝም። በማግስቱ ቅቤ የምትሸጥላቸውን ሴቶች ስትጠይቅ ውላ የአቶ በዛብህን ስም ይዛ መጣች።

አቶ በዛብህን አውቃቸዋለሁ፤ ማለት ፍርድ ቤት አይቻቸው ስለማላውቅ አውቃቸዋለሁ። ድሮ የማዘጋጃ ቤት መዝገብ ጠባቂ ነበሩ፤ አሁን ውል እየጻፉ ይኖራሉ። ቀጭን ናቸው፣ ብርድ አይወዱም፣ ጋቢያቸውን እስከ ጆሮ ለብሰው ነው የሚናገሩት። ሙግት የማይችል ነገረ ፈጅ ምን ይሠራልኛል እያልኩ ተጎትቼ ሄድኩ።

«መሬቱስ የማን ነው?» አሉኝ ገና ስንቀመጥ።

«የወልደ ሚካኤል ነዋ! ቤቱ የሱ አይደለም እንዴ?»

«ቤቱ የሱ ሆኖ መሬቱ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። በሰው መሬት ላይ የቦታ ኪራይ እየከፈለ የሠራ ስንት አለ። ጣራና ግድግዳ ገዝተህ ባለመሬቱ አንሣልኝ ቢልህስ?»

ስድስተኛ ጊዜ ልባረር ነው፤ ያውም ከገዛሁት ቤት።

ቀጠሉ። አጥሩ የጎረቤት ድንበር አልነካም? ቤቱ ለዋስትና አልተያዘም? ግብሩ ተከፍሏል? ሻጩ ሚስት አለው? እያንዳንዱን በዝግታ እየጠየቁ፣ እኔ አላውቅም ባልኩ ቁጥር ዝም ብለው ይጽፋሉ። ጠይባ ወንበሯን እየጎተተች ጠጋ፣ ጠጋ አለች።

«ይኼ ሁሉ ጥያቄ ለምንድን ነው?» አልኩ ትዕግሥቴ አልቆ። «የሚክድ ከሆነ ያን ጊዜ እንከሰዋለን!»

«ሳይቃጠል በቅጠል፣ ልጄ።»

ስንወጣ ጠይባ «ለጠብ አቶ ኃይለየሱስ ይሁኑ፤ ለቤት ግን እኚህ ናቸው» አለች። ለመሸነፍ ያበቃኝ የሷ ክርክር አይደለም፤ ያ የመሬት ነገር አንጀቴ ውስጥ ገብቶ ነው።

አቶ በዛብህ ሥራቸውን የጀመሩት በእግራቸው ነው። አጥሩን በእርምጃ እየለኩ ሦስት ጊዜ ዞሩት፤ ጎረቤቶቹን ስለ ድንበሩ አስመሰከሩ። ከዚያ ማዘጋጃ ቤት ገብተው መዝገብ አስወጡ። መሬቱ የወልደ ሚካኤል ነው፤ ዕዳም የለበትም። «አልሐምዱሊላህ!» ብዬ ስጮህ ጸሐፊዎቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። እኔ አለቀ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ተመልሰው ወደ ጓሮው ሄዱ።

ጓሮው ውስጥ ጌሾ አለ፣ ጎመን አለ፣ መደቡ በድንጋይ የተከበበ። አቶ በዛብህ ትንሽ ቆመው አዩት።

«ወልደ ሚካኤል ከቢሮ መጥቶ ይኼን አይኮተኩትም» አሉና በአጥሩ በላይ ጎረቤቲቱን ጠየቋት።

«ውድነሽ ናታ!» አለች ሴትዮዋ። «ሚስቱ። ከተጣሉ ዓመት ሊሆናቸው ነው፤ ዲክሲስ አባቷ ዘንድ ናት። ይኼን ቤት ሲሠሩ ጭቃውን የረገጠችው እሷ ነች።»

ማታውን ወልደ ሚካኤልን አገኘነው።

«ሚስት የለኝም» አለ። «ትታኝ ሄዳለች።»

«በሰማንያ ነበር የተጋባችሁት?» አሉ አቶ በዛብህ።

«በሰማንያ።»

«ተፋታችኋል?»

«ሄዳለች አልኩ እኮ!»

«መሄድና መፋታት ይለያያል። በሰማንያ ያገባች ሚስት የቤቱ ግማሽ የሷ ነው። እሷ ካልፈረመች አልጽፍም።»

ወልደ ሚካኤል ወደ እኔ ዞረ። «አብዶ፣ ዘጠኝ ቀን ቀርቶሃል። አንድ የናዝሬት ነጋዴ ቤቱን ይፈልገዋል፤ አንዲት ጥያቄ አልጠየቀኝም፤ ገንዘቡን ይዞ እየጠበቀ ነው።»

ደሜ ፈላ። በወልደ ሚካኤልም፣ በአቶ በዛብህም፣ አይቼያት በማላውቃት ሴትም ተናደድኩ። በጠዋት ለጠይባ ሳልነግር አቶ ኃይለየሱስ ዘንድ ሮጥኩ። «ፈርም!» አሉኝ። «ሴቲቱ ብትመጣ እኔ የት ሄጄ!» ልቤ እንደገና ሞቀ። ልፈርም ቆርጬ ስመለስ ጠይባ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ስንቅ ቋጥራ በር ላይ ቆማለች።

«ፈረስ የሚያከራየን ሰው አግኝቻለሁ» አለች። «ብትፈልግ ተቀምጠህ ተቆጣ። እኔ ዲክሲስ እሄዳለሁ።»

ሚስቴን ብቻዋን ልሰዳት? እያጉረመረምኩ ተከተልኳት። እስከ መገንጠያው በእህል መኪና፣ ከዚያ በፈረስ። የገብስ አጨዳ ነበር፤ አገሩ ሁሉ ወርቅማ ሆኖ፣ በየማሳው አጫጆቹ «አካም ጅርቱ» እያሉ ሰላም ሲሉን፣ ሳላስበው ንዴቴ መንገድ ላይ ተንጠባጥቦ አለቀ። ጠይባ ፈረስ ላይ ስትሆን ታምራለች፤ ለካ ረስቼው ኖሯል።

ወይዘሮ ውድነሽን አውድማ ላይ አገኘናት፤ መንሽ ይዛ፣ ፊቷ እብቅ ለብሶ። የመጣንበትን ነገርናት። ስንጨርስ መንሹን መሬት ላይ ተከለችው።

«ሊሸጠው ነው ለካ» አለች። «ለኔ ሳይነግር።»

«ወይዘሮ ውድነሽ፣ ከተናደዱብን…» ስል፣

«በናንተማ ምን እናደዳለሁ? ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ ምን ትያለሽ ብሎኝ አያውቅም። እናንተ ቀን ሙሉ ተጉዛችሁ ጠየቃችሁኝ።» እብቁን ከፊቷ ጠረገች። «እዚያ ቤት ተመልሼ አልገባም፤ ይሸጥ። ድርሻዬ ግን በእጄ ይግባ። ወረቀቱም እኔ ፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ፊደል አልቆጠርኩም።»

ስንመለስ ፈረሱ ላይ ስዘፍን መጣሁ። ጠይባ አላፌዘችብኝም።

በቀጠሮው ቀን አቶ በዛብህ ቢሮ ተሰበሰብን። ወልደ ሚካኤል ሚስቱን ሲያይ ሊወጣ ብድግ አለ፤ አቶ በዛብህ ግን ያለሷ የምጽፈው ወረቀት የለም አሉት፤ ተቀመጠ። ምስክሮቹ በግድግዳው ጥግ ተደረደሩ። እኔ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ቆሜ ነው የሰማሁት። አቶ በዛብህ ጋቢያቸውን ወረድ አድርገው ማንበብ ጀመሩ፦ ድንበሩ በምሥራቅ፣ በምዕራብ፤ ሻጮች አቶ ወልደ ሚካኤልና ወይዘሮ ውድነሽ፤ ድርሻዋም በእጇ። ቃሉ ሁሉ ጆሮዬ ላይ ማር ሆነ። ጨረሱና የቀለሙን ሳጥን ወደ ውድነሽ ገፉላት።

አውራ ጣቷን አነሣች፤ ግን አልነከረችውም።

«ገዢ የሚለውን ይድገሙልኝ።»

«ገዢ፣ አቶ አብዶ ቱሳ፣ የአሰላ ከተማ ነዋሪ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ወደ ጠይባ ዞረች። «አንቺን የት ጻፉሽ፣ እህቴ?»

ጠይባ መሬት መሬት አየች።

«እኔም ያኔ ቤቱን ስንሠራ ዝም ብያለሁ» አለች ውድነሽ። «የኛ ነው ሲለኝ የኛ መሰለኝ።»

በሰው ትዳር ምን ጥልቅ አደረገሽ ልል አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው፣ ከፍቼው ነበር። ከዚያ የገንዘቡ ግማሽ ከየት እንደመጣ ትዝ አለኝ። አባቷ ለሠርጓ የሰጧት ላሞችና የወለዷቸው ጊደሮች ናቸው፤ አራቱንም ራሷ ገበያ ነድታ ሸጣቸዋለች። እኔ አንዷን እንኳ አልነዳሁም፣ አልጎተትኩም። ለሰፈሩ ሁሉ ግን ቤቴ፣ ቤቴ እያልኩ ስዞር ከረምኩ። ዲክሲስ ድረስ የሌላውን ሚስት ፍለጋ ፈረስ ጋልቤያለሁ፤ የራሴ ሚስት ከጎኔ ስትጋልብ አላየኋትም። አፈርኩ።

አቶ በዛብህም መነጽራቸውን አወለቁ። «አጥሩን ጠየቅኩ፣ መሬቱን ጠየቅኩ፣ የሻጩን ሚስት ጠየቅኩ» አሉ ቀስ ብለው። «ይኼን ግን አልጠየቅኩም።»

«አሁን ይኼ ምን ይባላል?» አለ ወልደ ሚካኤል። «ዛሬ ቀኑ ነው፤ ነጋዴው ደጅ ቆሟል። ትፈርማለህ ወይስ አትፈርምም?»

«ይቁም!» አልኩት። በዕድሜዬ ሌላ ሰው እንዲቆይ ያደረግሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እኔ ራሴም ቆየሁ። «አቶ በዛብህ፣ እባክዎ እንደገና ይጻፉት። እኩል ለእኩል።»

ወረቀቱን ቀደዱት። አዲስ አወጡ። ብዕሩ ሲንጫጫ፣ ምስክሮቹ ሲያፋሽኩ፣ ወልደ ሚካኤል ሰዓቱን ሲያይ፣ እኔ ጠይባን ብቻ አይ ነበር። ቀና ብላለች።

«ገዢዎች» ብለው አነበቡ አቶ በዛብህ፣ «አቶ አብዶ ቱሳና ወይዘሮ ጠይባ ሁሴኖ፣ ድርሻቸው እኩል በእኩል።»

ውድነሽ ጣቷን ነክራ አተመች። ወልደ ሚካኤል ፈረመ፤ እኔ ፈረምኩ። ሳጥኑ ጠይባ ፊት ደረሰ። ጣቷን ነከረችና ወረቀቱ ላይ ሳታሳርፍ ቆየች።

«እዚያ ጋ እንደገና ያንብቡልኝ» አለች።

አነበቡላት።

«አንድ ጊዜ ደግሞ።»

ወልደ ሚካኤል በረጅሙ ተነፈሰ። አቶ በዛብህ ፈገግ ብለው ወረቀቱን ወደ እኔ ዞር አደረጉልኝ። ሦስተኛውን ያነበብኩላት እኔ ነኝ።