ጥቁር የሚደብቀው

የመጨረሻው ቡችላ ቡላ ሆኖ ወጣ። ሴትየዋ በፎጣ አሸችው፤ ሲደርቅ ይጠቁር ይሆናል ብላ ደግማ አሸችው። ወይ ፍንክች! ቀድመውት የተወለዱት፣ እንደተጠቀለለ ጥቁር ካልሲ ድብልብል ብለው፣ የእናታቸው ጡት ላይ ተለጥፈዋል። እሱ ግን የገለባ መልክ ይዞ መዳፏ ላይ ተንፈራገጠ።

እናቱ ጥላሸት፣ አባቱ ከሰል ይባላሉ፤ ስማቸው ራሱ ይመሰክራል። ገዢ ሁሉ ከዚህ ግቢ ቡችላ የሚወስደው ድፍን ጥቁር ነው ብሎ ነው። በሰፈሩ ያለው ቡላ ውሻ አንድ ብቻ ነው፦ የአናጺው ውሻ፣ የተከፈተ በር ካየ ሳይጋበዝ የሚገባው ዘዋሪ።

ባሏ ከኋላዋ ቆሞ አየና «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀበት። ወይም ለእሷ እንደዚያ መሰላት።

ጥላሸት ወንድ በምትሻበት ሰሞን ሴትየዋ ሆስፒታል እናቷን ታስታምም ነበር። ታናሽ እህቷ በተራ ላድር ብላ ቃል ገብታ፣ ማታ ማታ ራሴን አመመኝ እያለች ስለቀረች፣ ሌሊቱ ሁሉ በእሷ ላይ ወደቀ። ባሏን «በሩን አደራ!» ብላው ነበር። እሱም በስልክ «ከቤት ንቅንቅ አላልኩም» ይላት ነበር። ንቅንቅ! ያኔ ደስ ብሏት ሰምታዋለች። አሁን ቃሉ ጆሮዋ ውስጥ ይኮሰኩሳት ጀመር።

የግቢው መቀርቀሪያ ያለው ከውስጥ ነው፤ ውሻ አይከፍተውም። ሰው ሲወጣ ግን ከውጭ የሚቀረቅረው የለምና በሩ ገርበብ ብሎ ይቀራል። እንግዲህ ውሻው ከገባ ሰውየው ወጥቷል ማለት ነው። የት? ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር ይባል የለ! ሌሊቱን የባሏን ጀርባ እያየች አነጋች። ተኝቶ እንደሆነም ተጠራጠረች።

ጠዋት «እናቴን አይቼ ልምጣ» አለችው። ቡችላውን ቅርጫት ውስጥ ሸሽጋ ግን ወደ እንስሳት ሐኪሙ ሄደች።

ሐኪሙ ቡችላውን አገላብጦ አየው። «እናትና አባቱ ጥቁር ናቸው?»

«ድፍን ጥቁር! እንዲህ ያለ ነገር ከእነሱ ይወጣል?»

«ለምን አይወጣም? ቀለሙን የሚወርሰው ከሁለቱም ነው፤ አንድ ከእናት፣ አንድ ከአባት። ጥቁሩ ጉልበተኛ ነው፤ አንዱ ካለ ቡላውን ይሸፍነዋል። ከሁለቱም ወገን ቡላ ሲደርሰው ነው እንዲህ የሚሆነው።» ቡችላውን መለሰላት። «ሁለቱም ደብቀው ኖረዋል ማለት ነው፣ እህቴ።»

«የጎረቤት ውሻ ገብቶስ ቢሆን?»

«ቀለም ብቻውን ምስክር አይሆንም። አባቱ ቡላ ውሻ ቢሆን ግን ከዚህ ሁሉ ቡችላ ቡላ የሚሆነው አንድ ብቻ አይመስለኝም። ይልቅ በሰው ላይ አትፍረጂ» አለና ፈገግ አለ። ሰው የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም ነበር። ፊቷ ጋለ።

መንገዱን ስትመለስ እግሯ ቀለላት። አፈረችም። አንድ ሌሊት ሙሉ ያን ምስኪን ሰው በሐሳቧ ስትከስ፣ ስትፈርድ፣ ከቤት ስታስወጣ አድራለች። ይቅርታ መጠየቅ ደግሞ ለእሷ ጥርስ ከማስነቀል አይተናነስም። በቀልድ አድርጌ እነግረዋለሁ፣ ስቀን እንረሳዋለን አለች ለራሷ። ወደደችው። ከሠርጋቸው ወዲህ እንደዚያ የወደደችው ቀን ትዝ አይላትም።

በሩ ገርበብ ብሏል። ባሏ ጀርባውን ሰጥቶ ቁጢጥ ብሎ መቀርቀሪያውን ዘይት ይቀባል። ከሰል አጠገቡ ተጋድሟል፤ ጥላሸት ከጉሮኖዋ አንገቷን አውጥታለች። ሴትየዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ እንደ ተቆጣ ሰው ድምጿን አጎርንና፣ ጣቷን በሁለቱ ውሾች ላይ ቀሰረች።

«ሁለታችሁ! ስትደብቁኝ ኖራችሁ፣ አይደል? ዛሬ ጉዳችሁን ሁሉ ሰማሁ!»

የዘይቱ ቆርቆሮ ከባሏ እጅ ወደቀ። ዞር አላለም። ዘይቱ መሬቱን እያራሰ እስከ ጫማው ደረሰ፤ እግሩን አልሰበሰበም።

«ነገረችሽ?» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ እየተሰነጠቀ። «እህትሽ ራሷ ነገረችሽ?»

ሳቁ አሁንም ጉሮሮዋ ውስጥ ነበር። ከሰል ጭራውን እየወዘወዘ ተነሳና ቅርጫቱን አሸተተ፤ ውስጥ ያለው ቡችላ አለቀሰ። እሷ የቀሰረችውን ጣት ገና አላወረደችም።