አያ አይጥ እና የእናቱ ድመቶች

የወፍ ጥበቃው ሐኪም ሥራውን ይወድ ነበር፤ ድመት መግደል እስኪጨመርበት ድረስ። ሐይቁ ዳር አሸዋ ላይ የሚፈለፍሉት ወፎች ሌላ መፈልፈያ የላቸውም፤ የመንገድ ድመቶች ደግሞ ጫጩቶቹን እየለቀሙ ጨረሷቸው። መሥሪያ ቤቱ የወጥመድ ሣጥን አስቀመጠ፤ የገባች ድመት በመርፌ ትሞታለች፤ ወጊው እሱ ነው። ሰፈርተኛውም «አያ አይጥ» የሚል ስም አወጣለት።

ደንቡ ግን ቀዳዳ ነበረው። አንገቷ ላይ ማሰሪያ ያላት ድመት ባለቤት አላት ተብላ ትለቀቃለች። ይህ በተሰማ ሰሞን የሰፈሩ ድመት በሙሉ ባለቤት አገኘ። ሣጥኑን ሲያይ ቀይ ክር፣ በማግስቱም ቀይ ክር። አጥንቷ የሚቆጠር፣ ጆሮዋ የተቀደደ የመንገድ ድመት እንደ ሙሽራ አጊጣ ታፈጥበታለች። ጥርሱን ነክሶ ይለቃታል። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ እንዲሉ፣ እሷም በቀጥታ ወደ ጫጩቶቹ።

ክር አሳሪዋን ያገኛት እናቱ ቤት ነው። ለልጅ ልጇ የሠራችው ሹራብ አንዱ እጅጌው ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ ሆኖ አየና ቀዩ ክር የት ገባ ብሎ ጠየቃት። አልደበቀችውም።

ደሙ ፈላ። ያደረ ንዴቱን ይዞ በማግስቱ ጠዋት ሐይቁ ዳር ወሰዳት። ከዘንድሮ ጎጆዎች የተረፈው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ውስጥ አንዷ ጫጩት ተዘነጣጥላ፣ ሌላዋ አጠገቧ አፏን ከፍታ ትጮኻለች። እዚያው ፈንጠር ብሎ ካለው ሣጥን ውስጥ ባለ ቀይ ክሯ ድመት ተይዛ አፏን ትልሳለች።

«እዪ እማዬ፣ የአንቺ ርኅራኄ ያመጣው ይሄንን ነው።»

እናቱ ጫጩቷንም ድመቷንም አየች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«እሷስ ምን ትብላ?»

ጥያቄዋ ይበልጥ አበገነው። በእናት አይጮኽም እንጂ ሊጮኽባት ቃጥቶት ነበር። ሣጥኑን አምጥቶ እግሯ ሥር አስቀመጠው።

«እንግዲያው አንቺው ምረጪ። ከፈለግሽ ልቀቂያት።»

እንድትለቃት ፈልጎ ነበር። ከለቀቀቻት ጥፋቱ የእሷ ይሆናል፣ እሱም እንደ ልቡ ይቆጣል፣ እጁም ለአንድ ቀን ንጹሕ ሆኖ ይውላል። እናቱ ግን አሸዋው ላይ ተቀመጠች፤ ድመቷን አውጥታ አቀፈቻትና ክሩን ከአንገቷ ፈታችው።

«በል መርፌህን አምጣ። ግን ሣጥን ውስጥ ብቻዋን አትሞትም።»

እስከ ዛሬ በሽቦው ቀዳዳ እየወጋ ፊቱን ያዞር ነበር። አሁን የሚያዞርበት አጣ። ድመቷ እቅፍ ስለሞቃት ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ መርፌው ሲገባ እንኳ አልቧጨረችም። እናቱ ድመቷ እስክትዝል ድረስ ጀርባዋን ዳበሰች። ልጇ በማን እንደሚናደድ ጠፍቶት ባዶውን መርፌ ይዞ ቆመ።

«ሌላም ስትያዝ ጥራኝ» አለችው። «ሁሉንም የማቅፋቸው እኔ ነኝ፤ አንተም ፊታቸውን እያየህ ነው የምትወጋው።»