ብስክሌቱ እስኪመለስ

ይህ ታሪክ ከዳር እስከ ዳር እውነት ነው። አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝበት ምላሴን ይቁረጠው! እንዲያውም ሰው አያምነኝም ብዬ ግማሹን ቀንሼዋለሁ።

ሰውየው አውሎ ይባላል፤ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ፍጥነቱን ያየ ሕዝብ ነው፤ ሕዝቡ የት እንዳለ ግን አይጠየቅም። ቁመቱ በር ሁሉ የሚያስጎነብሰው፣ ጢሙ ከራሱ ቀድሞ ቤት የሚገባ ጎልማሳ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ልብስ ሰፊ ከሆነችው ሚስቱ ጋር ክር ሊገዙ ሲሄዱ፣ በብስክሌት ጠጋኙ ግቢ በር ላይ ክንዱን ጨምድዳ ያዘችው።

"የአባዬ ብስክሌት!"

ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የድሮ የእሽቅድምድም ብስክሌት፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ የተቆለመመ፣ ሁለመናው ብረት። እንደ ዘንድሮዎቹ በአንድ ጣት የሚነሳ ገለባ አይደለም። ከመቀመጫው ስር አባቷ በናስ ያስበየዱት ስንጥቅ እንደ ቢጫ ጠባሳ ያበራል። አባቷ በክፉ ቀን ሸጠውት፣ እስኪሞቱ ድረስ ብስክሌት ባለፈ ቁጥር አንገታቸው አብሮ ይዞር ነበር።

ሚስቱ ጠባሳውን ዳሰሰችው።

ምን ያደርጋል፣ ተቀድመዋል። አንድ የጭማቂ ቤት ባለቤት ብሩን በእጁ ይዞ ቆሟል።

"ቀይ ቀለም ቀብቼ ግድግዳዬ ላይ እሰቅለዋለሁ" አለ።

"ምን አጥፍቶ ነው የሚሰቀለው?" አለ አውሎ።

"ጌታው፣ አንተ ደግሞ ከየት መጣህ?"

ጠጋኙ በጉብዝናቸው ወራት የእሽቅድምድም ተወዳዳሪ የነበሩ፣ ከብስክሌቱ የማይተናነሱ ደረቅ ሽማግሌ ናቸው። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወጡ።

"ለግድግዳ ከምሸጠው ለመንገድ ብሸጠው ይሻለኛል" አሉ። "ግን ነጂውን ልየው። ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ድልድዩን ዞሮ፣ ዳገቱን እግሩ መሬት ሳይነካ የወጣ ይውሰደው። እግሩ ከነካ ግን ይሰቀላል።"

"እስማማለሁ። መታወቂያዬን መያዣ ልተውልዎት፣ አባባ?"

"መታወቂያ ትቶ የጠፋ ስንት አለ! ሰው ትቶ የጠፋ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ብስክሌቱ እስኪመለስ አንዳችሁ እዚህ አግዳሚ ላይ ትቀመጣላችሁ። ደግሞ ስሙ፣ የመቀመጫው ዘንግ ዝጎ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል፤ ከፍም ዝቅም አይልም። የኋላ ፍሬንም የለውም።"

ሚስት አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። አውሎ ተፈናጠጠ። አማቱ አጭር ሰው ስለነበሩ ጉልበቱ ጆሮው ድረስ ወጣ፤ ለጀግና ግን ይህች ምን አላት!

"እንዳትወድቅ" አለች ሚስቱ።

"ወድቄ አውቃለሁ?"

ቁልቁለቱ እንደጀመረ ነፋሱ ጢሙን ለሁለት ከፈለው። የግራና የቀኙ አጥር አንድ መስመር ሆነ። ብረቱ ከእጁ ስር እንደ ተመታ ደወል ይርገበገባል። መሀል ላይ ሲደርስ አንድ የጭነት መኪና የኋሊት ከግቢ እየወጣ መንገዱን ዘጋው። አውሎ የፊቱን ፍሬን ጨበጠ። ጧ! ሽቦው ተበጠሰ።

እግሩን ቢዘረጋ ይተርፋል። እግሩን ከዘረጋ ደግሞ የሚስቱ አባት ብስክሌት ቀይ ተቀብቶ በብርቱካን ልጣጭ መሀል ይንጠለጠላል። አግዳሚው ላይ የተቀመጠችው ትዝ አለችው። ጥርሱን ነክሶ ደረቱን ከመሪው ጋር አጣበቀና በመኪናው ሆድ ስር ሾለከ! ሹፌሩ እስከ ዛሬ ድረስ ምን እንዳለፈ አያውቅም።

ድልድዩን ዞረ። አሁን ዳገቱ ቀረ። ካቴናው ያቃስታል፤ ጭኑ እሳት ሆኗል፤ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ መንገዱን ጋረደው። ብስክሌቱ ሊቆም ምንም አልቀረው፤ ወደ ግራ ተንገዳገደ፣ ወደ ቀኝ ተንገዳገደ። ከላይ የጭማቂ ቤቱ ባለቤት ይጮሃል፦

"ሊነካ ነው! ነካ! አባባ፣ ነካ እኮ!"

"ዝም በል፣ እያየሁ ነው!" አሉ ጠጋኙ።

ሚስቱ ከአግዳሚው ተነስታ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭናለች። አውሎ የመጨረሻዋን ትንፋሽ ከእግር ጥፍሩ ስቦ አወጣና ረገጠ። ፊተኛው ጎማ የግቢውን ደፍ ተሻገረ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ጫማውን አዩ፤ አፈር አልነካውም።

"ውሰዱት" አሉ። "ጎበዝ፣ ያንተ ነው።"

አውሎ ይህን የተረከው በራሱ ቤት ሳሎን ለተሰበሰቡ ጎረቤቶቹ ነው። ጎረቤቶቹ አፋቸውን እንደ ከፈቱ ቀሩ። ልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ያጎነበሰችው ሚስቱ ግን ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ቀስ ብላ ተነሳች። በሩ አጠገብ የቆመውን ብስክሌት ያዘች።

"የጭነት መኪና አልነበረም" አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ፍሬኑም አልተበጠሰም። አግዳሚው ላይ የተቀመጥከውም አንተ ነህ፣ የኔ ጌታ። ዳገቱን ወጥቼ ስመለስ ዓይንህ ቀልቶ ነበር።"

ብስክሌቱን ወደ ደጅ አወጣችና ተፈናጠጠች። መቀመጫው ልክ በልኳ ነበር።