የጋሽ ገብረየስ ቁራኛ

እሸቴን የጠቆምኩት እኔ ነኝ። በሰባ ዓመተ ምሕረት ላምበረት አካባቢ የቀበሌያችን ጸሐፊ ነበርኩ። ሊቀመንበሩ ሽፈራው ሠራተኞቹን ሰብስቦ «እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ስም ይዛችሁ ኑ፤ ባዶ እጁን የመጣውን ራሱን እጽፈዋለሁ» አለን። የማንን ልጻፍ? የጎረቤቴን ልጅ ጻፍኩ። «የባላባት ዘር ነው፤ ዘውዱን ለመመለስ ያድማል» አልኩ። ዓይን ያወጣ ውሸት ነበር። እሸቴ የሚከተለው ነገር ቢኖር ቦሌ መንገድ ጽሕፈት ቤት የምትሠራ አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች።

በታሰረ በሦስተኛው ቀን አባቱ ጋሽ ገብረየስ ቤቴ መጡ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እሳቸውም እኔን አማከሩ። አፈርኩ። ልጁን ላስፈታ ቆረጥኩ፤ ራሴን ሳላጋልጥ ማለቴ ነው።

መድኃኒቱ እሳቸው ሳጥን ውስጥ ነበር፤ አንድ ቀን አሳይተውኛል። አባታቸው አረጎ የምትባል የደጋ አገር ከአያት ከቅድመ አያት ወርሰው፣ ግብሩን ራሳቸው እየሰበሰቡ፣ ፍርዱንም ራሳቸው እየፈረዱ ይኖሩ ነበር። ጣሊያን ሲገባ ዱር ገብተው ተዋጉ። ጣሊያን ሲወጣ ንጉሡ ምን ሸለሟቸው? አንድ ደብዳቤ። «ከእንግዲህ ግብሩ ለግምጃ ቤት፣ ዳኝነቱም ከአዲስ አበባ ለምንልከው ሹም ይሁን» ይላል፤ ማኅተም አለበት። ሰውየውን እዚህ አስጠርተው ገርጂ በኩል ቦታ ሰጧቸውና ሰላይ አቆሙባቸው። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ብለው ዝም አሉ፤ አገራቸውን ሳያዩም ሞቱ። የአርበኛ ዋጋ ይህ ነው!

«ይህን ደብዳቤ ያሳዩ» አልኳቸው። «ንጉሡ የቀማን ሰዎች እንዴት ዘውዱን እንመልሳለን ይበሉ። ሌላ ቃል እንዳይጨምሩ።»

እሑድ ጠዋት በቀበሌው ስብሰባ ፊት ደብዳቤውን አሳዩ። ሽፈራው ሁለት ጊዜ አነበበውና ሳቀ።

«እንዲያውም እናንተ ተበዳዮች ናችሁ!» አለ። እሸቴን አስመጣው። ፊቱ አብጦ አንድ ዓይኑ ተከድኗል። «ይዘውት ይሂዱ አባባ። አብዮቱ ምሮታል።»

እፎይ አልኩ። ጋሽ ገብረየስ ግን ከቆሙበት ንቅንቅ አላሉም።

«ምሕረት ላጠፋ ሰው ነው» አሉ። «ልጄ አላጠፋም። በአባቴ አገር ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው ዳኛ ፊት ይቆሙ ነበር፤ ቁራኛ ይባላል። በሐሰት የከሰሰ ሰው ቅጣቱ በራሱ ይደርሳል። የልጄ ከሳሽ ማነው? ይቅረብ።»

ወይ ግትርነት! የእስር ቤት በር ተከፍቶለት ቁልፉን ማን እንደያዘ ካልነገራችሁኝ አልወጣም የሚል ሰው አይቼ አላውቅም።

«አባዬ፣ በናትህ እንሂድ» አለ እሸቴ።

ሽፈራው ግን መጫወቻ አግኝቷል። «የአረጎን ዳኝነት ንጉሡ ቢሽርብዎ እኛ እንመልስልዎ። ካሳዬ፣ ተነሥ!» አለኝ።

ተነሣሁ። ጋሽ ገብረየስ አዩኝ። ጋቢያቸውን አውልቀው ለልጃቸው ደረቡለት። ዘበኛው የጋቢውን ጫፍ ከኮቴ ጫፍ ጋር አጥብቆ ቋጠረው።

«በል ጸሐፊ» አለ ሽፈራው፣ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ። «ክስህ እውነት ነው ወይስ ሐሰት? ሐሰት ከሆነ በአባባ ሕግ የሱ ቦታ ያንተ ነው።»

የእሸቴ ትከሻ ትከሻዬን ነክቶታል። ሙቀቱ ይሰማኛል።

«እውነት ነው» አልኩ።

ዘበኞቹ እሸቴን ወደ በሩ ሲጎትቱት ቋጠሮው እኔንም ይዞኝ ሄደ። «ፍቱኝ! ፍቱኝ!» እያልኩ ጮኽኩ። ከተሰብሳቢው የተነሣ ሰው የለም። ጋሽ ገብረየስ መጡና በጣታቸው፣ አልሆን ሲላቸው በጥርሳቸው፣ ቋጠሮውን ፈቱልኝ።

«ነገር ካለቀ ቁራኛ ይፈታል» አሉኝ።

እሸቴን በዚያው ወሰዱት። ጋቢውን እንኳ አልመለሱላቸውም።